ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው

እናቴ መሞቷን የሰማሁት በእግር ኳስ ጨዋታ መሃል ነው። ባሌ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ አፉን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ ነገረኝ። እሪ ልል ስል አፌን ያዘኝና፣ «ጎል እስኪገባ ጠብቂ፤ ያኔ ሁሉም ይጮኻል» አለኝ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ይኼው ስንት ዓመቴ፣ እሪታው ከሆዴ አልወጣም።

ባሌን መውቀስ ግን አይገባም። ፍርሃት በነሱ ቤት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የተከበረ ሙያ ነው። አያቱ ስለ ግብር ማማረር ሲያምራቸው አስቀድመው ዶሮዎቹን ከቤት ያስወጡ ነበር። አባቱ ዘመናዊ ሰው ስለነበሩ ቧንቧ ከፍተው ነው የሚያወሩት። በባሌ ጊዜ ሥራው በሬዲዮ ታገዘ፤ ይህም ዕድገት ነው። መንግሥት ሲለወጥ ዜና አንባቢው ይለወጣል፤ ባሌ ግን በአቋሙ ይጸናል። «ምግቡ ጨው አንሶታል» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ጨው የጠፋው በማን ጥፋት ነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋማ።

የሚፈራው በግድግዳ የምንጎራበተውን ልብስ ሰፊ ነው።

«የስፌት መኪናው ዝም ካለ እየሰማን ነው» ይላል።

«ዝም ካላለስ?»

«እንዳንጠረጥረው ነዋ።»

ሰሞኑን እህቴ ታመመች ተባለ። ወሬውን ይዤ ስገባ ባሌ ወደ ሬዲዮኑ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ሌላ ልቅሶ ለኳስ አልሰጥም ብዬ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ጆሮ ጠቢ ነህ ወይ?»

መርፌው ከእጁ ወደቀ። «እኔ? ኧረ እትዬ፣ ባለቤትዎ አይደሉም እንዴ? የመንግሥት ዜና ግድግዳ እስኪነቃነቅ የሚያሰማን ሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው? ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይስ ለምን የምናስቀድማቸው ይመስልዎታል?»

«ለሽበቱ መስሎታል።»

«የሽበት ቢሆን አባቴ ከኋላ ይሰለፉ ነበር?»

ይገላገላል ብዬ ለባሌ ነገርኩት።

«ይፈሩኛል?» አለ።

«ይፈሩሃል።»

«ልብስ ሰፊውም?»

«መርፌ ጥሏል።»

ኮቱን አምጥቶ ለበሰ፤ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሬዲዮኑንም ወስዶ መስኮቱ ላይ አቆመው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው፤ ሰላምታውም በአገጭ ብቻ ሆነ።

ትናንት ዳቦ ቤት አብረን ሄድን። ሰልፉ ተከፈለለት። እንደ ክቡር እንግዳ መሃል ለመሃል ሲያልፍ ኮሌታውን ያዝኩት።

«ስሙ» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። «ይኼ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው እናንተን ሲፈራ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ ይሰለፍ።»

ባሌ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄደ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንድም የሳቀ የለም። ከፊቴ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ፣ «ሰው ፊት እንዲህ የምትዳፈረው፣ ከላይ ሰው ቢኖራት ነው» ስትል ሰማኋት። ሰልፉ እንደገና ተከፈለ። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይለፉ እትዬ» አለኝ።

«አላልፍም።»

እነሱም ከእኔ ቀድመው አይገዙም። ዳቦው እስኪቀዘቅዝ ተፋጠጥን። ሲሰለቸኝ ዞሬ ሄድኩና ከሁሉም ኋላ፣ ከባሌ ጀርባ ተሰለፍኩ። እዚያው፣ ሬዲዮ በሌለበት፣ እህቴን ምን እንዳመማት ጮክ ብዬ ነገርኩት። ሰልፈኛው በሙሉ፣ እንዳልሰማ እንዲታወቅለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።