ሜብል ስንት ወለደች?

[ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር፣ ቅዳሜ ጠዋት። በክላረንስ ጓሮ ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ የእንጨት ቤት። ጥግ ላይ አንድ ሣጥን አለ፤ ሜብል የምትባል ፌሬት ትኖርበታለች። ፌሬት ማለት ቀጭን፣ ረጅም፣ እግረ አጭር፣ ጥንቸልን ከጉድጓዷ የምታስወጣ፣ የሚወዳትን ሰው ጣት ደግሞ የምትነክስ እንስሳ ናት። ክላረንስና ጎረቤቱ ዊልፍ ከከሰል ማዕድን በጡረታ የወጡ ናቸው። ክላረንስ ሁሉን አዋቂ ነው፤ እሱም አይክድም። ዊልፍ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ እሱም አይክድም። የሱፍ ቆቡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።]

ክላረንስ፦ ወይ አድርገው፣ ወይ ስቀለው አልኩህ! ምን ደረትህ ላይ ታቅፈዋለህ? ለቅሶ የመጣህ መሰለህ እንዴ?

ዊልፍ፦ እንዲህ ይሻለኛል።

ክላረንስ፦ ሚስማር እኮ አለ!

ዊልፍ፦ ይሄ ቆብ ሚስማር ላይ አይሰቀልም። ስማኝማ ክላረንስ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅህ…

ክላረንስ፦ ቀስ በል! አራስ ቤት ነው ያለኸው።

ዊልፍ፦ ማን ወለደ?

ክላረንስ፦ ማን ወለደ ይለኛል! ሜብል ናታ! ማክሰኞ ዕለት። አርባ ሁለት ቀን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ፌሬት አርባ ሁለት ቀን እንደምታረግዝ ታውቃለህ?

ዊልፍ፦ አውቃለሁ። [ሣጥኑን እያየ] ከማን?

ክላረንስ፦ ካንተ ወንድ ፌሬት ነዋ! ካዋስከኝ ከመነኩሴ! ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?

[ዊልፍ ያስባል። ሲያስብ አይቸኩልም።]

ዊልፍ፦ ከመነኩሴ።

ክላረንስ፦ ከመነኩሴ!

ዊልፍ፦ አየሃቸው?

ክላረንስ፦ ይኸው! አንተ ፌሬት ማርባት የማይሆንልህ ለዚህ ነው። አራስ ፌሬት ጎጆዋ ከተነካ ልጆቿን ትበላለች። የመጀመሪያው ሳምንት አይታይም፣ አይነካም፣ አይተነፈስበትም!

ዊልፍ፦ ታዲያ መውለዷን ማን ነገረህ?

ክላረንስ፦ ጠባይዋ ነዋ! ጸጉሯን ነጭታ ጎጆ አነጠፈች። ሦስት ካልሲዬን ሰርቃ አስገባች። ትናንት ደግሞ ነከሰችኝ። [የተጠቀለለ ጣቱን ያሳያል] እናት ካልሆነች ለምን ትነክሰኛለች?

ዊልፍ፦ እኔንም ነክሳኝ ታውቃለች። ያኔ አልወለደችም።

ክላረንስ፦ አንተን የማይነክስ ማን አለ። ጡቷስ? ሞልቶ ሊፈስ ነው።

ዊልፍ፦ እሱስ ጥሩ ነው። እንግዲያው ልጠይቅህ የመጣሁት…

ክላረንስ፦ ቆይ እስቲ! ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ መች ገባህ። አራት ሰዓት ላይ ሚስቴ ሂልዳ ሜትር ይዛ ትመጣለች። “ይሄ ቤት ስድስት ዓመት ከሽታ በስተቀር ምን አፈራ? ዘንድሮ ካልወለዱ አፍርሼ ቲማቲም እተክልበታለሁ” ብላለች። ቲማቲም! አርባ ዓመት መሬት ስር ስቆፍር የኖርኩት ቲማቲም ልጠብቅ ነው? ይሄ ቤት ከሌለኝ የት ልዋል? ሳሎን? ከእህቷ ጋር?

ዊልፍ፦ ከግላዲስ ጋር?

ክላረንስ፦ ስሟን አትጥራብኝ!

[ከወደ ዊልፍ ደረት ቀጭን ድምፅ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል።]

ክላረንስ፦ ሰማህ?!

ዊልፍ፦ ሰማሁ። እሱ እንኳን…

ክላረንስ፦ ዝም በል! [ሣጥኑ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል] የኔ ጌቶች! አንድ… ሁለት… ሦስት! ሦስት ናቸው!

ዊልፍ፦ ልክ ነህ፣ ሦስት ናቸው።

ክላረንስ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ዊልፍ፦ ቆጥሬ።

ክላረንስ፦ አንድ ጆሮህ ከሰል ጉድጓድ ቀርቶ፣ ምኑን ሰምተህ ቆጠርከው!

ዊልፍ፦ ክላረንስ፣ ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?

ክላረንስ፦ ከሣጥኑ ነዋ!

ዊልፍ፦ እስቲ ልራቅ።

[እስከ በሩ ይሄዳል። ሲጥ ሲጡም አብሮት ይሄዳል።]

ክላረንስ፦ [ጥቂት አስቦ] የገደል ማሚቶ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ።

ዊልፍ፦ መነኩሴን ሳውስህ ምን ነበር ያልኩህ?

ክላረንስ፦ “ሐኪም ጋ ወስጄዋለሁ፤ አትስጋ፣ ከሱ ምንም አይመጣም” አልከኝ። በሽታ የለበትም ማለት ነው።

ዊልፍ፦ ከሱ ምንም አይመጣም ማለት፣ ከሱ ምንም አይመጣም ማለት ነው። ሐኪሙ ቱቦውን ቋጥሮታል።

ክላረንስ፦ የምን ቱቦ?

ዊልፍ፦ የውሃ አይደለም።

[ክላረንስ ሣጥኑን ያያል፤ ዊልፍን ያያል።]

ክላረንስ፦ እና ለምን አዋስከኝ?!

ዊልፍ፦ “ሜብል ወንድ ፈልጋ ልትሞትብኝ ነው፣ አድንልኝ” አልከኝ። ሴት ፌሬት ወንድ ካላገኘች ደሟ አልቆ ትሞታለች። እንደ መነኩሴ ያለው የሚቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ይገናኛታል፣ ትድናለች፣ ልጅ የለም። አድንልኝ አልክ፣ አዳንኩልህ። ልጅ ስጠኝ መች አልክ? ደግሞስ ስሙ መነኩሴ ነው ስልህ ትንሽ አትጠረጥርም?

ክላረንስ፦ ጎጆውስ? ወተቱስ?

ዊልፍ፦ ያረገዘች መስሏት ነው። ያጋጥማል። [አስቦ] አንተም መስሎህ ነው።

[ክላረንስ የሣጥኑን ክዳን ይከፍታል። ሜብል አንድ ካልሲ አቅፋ እየላሰች ነው።]

ክላረንስ፦ ካልሲዬን እያሳደገች ነው። [ዱብ ብሎ ይቀመጣል] አለቀልኝ ዊልፍ። ከግላዲስ ጋር ሻይ ልጠጣ ነው።

ዊልፍ፦ አሁን ልጠይቅህ?

ክላረንስ፦ ጠይቅ። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ።

ዊልፍ፦ የኔዋ ዶሊ አሥራ አንድ ወልዳለች። ወተቷ አልበቃ አለ። ሦስቱ ተገፍተው ሊሞቱብኝ ነው፤ አንጀቴን በሉት። ሜብል ወተት ካላት ታጥባልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

[ቆቡን ይከፍታል። ጣት የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት ነጫጭ ግልገሎች።]

ክላረንስ፦ የዶሊን ጎጆ ነካህ? አልበላቻቸውም?

ዊልፍ፦ እኔን ታውቀኛለች።

ክላረንስ፦ [ድምፁ ተሰብሮ] ታዲያ ስትገባ ለምን አልነገርከኝም?

ዊልፍ፦ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር።

[ዊልፍ የሜብልን ሽታ እንዲይዙ ግልገሎቹን በካልሲው አሻሽቶ ያስገባቸዋል። ሜብል ታሸታለች። ካልሲውን ትተዋለች። አንዱን በማጅራቱ ይዛ ወደ ሆዷ ትስበዋለች፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን።]

ክላረንስ፦ ተቀበለቻቸው! ተመስገን! [ዓይኑን በተጠቀለለው ጣቱ ይጠርጋል። ከውጭ የሂልዳ ኮቴ ይሰማል] መጣች! አባታቸው ማነው ብትለኝስ?

ዊልፍ፦ እውነቱን ንገራት። አድሚራል ነው።

ክላረንስ፦ የቱ አድሚራል?

ዊልፍ፦ ያንተው ፌሬት ነዋ። “ይሄ ሽማግሌ ሴት ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል፣ ውሰድልኝ” ብለህ የሰጠኸኝ። ዶሊን ሲያይ ነቃ።

ክላረንስ፦ አድሚራል?! አሥራ አንድ?! [ይነሳል፤ ደረቱ ይነፋል] የኔ ዘር ነዋ! አላልኩህም? እኔ ያሳደግኩት! ስማ፣ ያንን ወንድ ዛሬውኑ መልስልኝ። ለከርሞ ከሜብል ጋር ነው የማገናኘው።

ዊልፍ፦ ውሰደው። [ባዶ ቆቡን አራግፎ አናቱ ላይ ያደርጋል] አሥራ አንድ ሲሆንብኝ ሐሙስ ለት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። አትስጋ፣ ከሱ ምንም አይመጣም።