የኤዶ ዘህራ ሳንባና ሥራ ፈቱ ካርድ

እኛ ድሬዎች ለጥፋት ሁሉ የተዘጋጀ አንድ ተከሳሽ አለን፤ ሙቀት። ሰው ከተቆጣ ሙቀቱ ነው፤ ከቀጠሮ ከቀረ ሙቀቱ ነው፤ ትዳር ሲቀዘቅዝ እንኳ ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር በምጠግንበት የግል ክሊኒክ የራጅ ምስል መላኪያው ሲንቀራፈፍ ማንም ብዙ አልመረመረም። ባለቤቱ ዶክተር ለበሽተኞች ማረፊያ የቆመውን የአየር ማራገቢያ አንስቶ ወደ ሰርቨሩ አዞረው። እኛ በላብ ተጠመቅን፤ ሰርቨሩ ነፋስ ተቀበለ፤ ምስሉ ግን ያው መንፏቀቁን ቀጠለ።

ራጅ የምታነሳው ሐምዲ ናት። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ሌላ ከተማ ስለሚኖር በኢንተርኔት ይላክለታል፤ መንገድ ላይ ማንም እንዳያጮልቅበትም ሰርቨሩ መስጥሮ ነው የሚልከው። ያን ቀን ረፋድ ላይ ታዲያ ኤዶ ዘህራ እያሳሉ መጡ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ የከተማው ግማሽ አክስቴ የሚላቸው ሴት ናቸው። ራጁን ተነስተው ሲያበቁ የሐምዲን እጅጌ ያዙ።

«ስሚ፣ ይሄን ሳንባዬን አንቺና ያ ሐኪም ብቻ እዩት። ባለ በርበሬዋ ሳል ይዟታል ከተባለ ማን ከኔ ይገዛል?»

ምስሉ አልሄድ አለ። ዶክተሩ ትዕግሥቱ አለቀና «ምስጠራውን አጥፋውና ይለቀቅ። የሳንባ ፎቶ ማን ይሰርቃል?» አለኝ።

«ዶክተር፣ አንተ ካጠፋኸው እኔ አልልከውም» አለች ሐምዲ። አንተ ስላለችው አትደንግጡ፤ ድሬ ላይ አንቱ የተባለ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይጨነቃል። ዶክተሩ ከምሳ እስኪመለስ ጊዜ ሰጠኝ፤ ካልተስተካከለ ራሱ ሊያጠፋው ነው። ደግነቱ የድሬ ምሳ የእንቅልፍ ጓዝ ስላለው ረጅም ነው።

ሰርቨሩን ፈተሽኩት። ምስኪኑ ፕሮሰሰር ምስሉን ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ በዚያ ላይ እያንዳንዷን ቁራጭ ብቻውን ይመሰጥራል። አጠገቡ የተሰካው የኔትወርክ ካርድ ግን ለዚሁ ለምስጠራ ተብሎ የተሠራ የራሱ ቺፕ አለው፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ካርዱን የሚያዘው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ የካርዱን ሙያ አያውቅም፤ ያልታዘዘ ደግሞ አይሠራም። ስንት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

የድራይቨሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። በዓይን አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች አሻሽለው፣ ማንም እንዲወስደው በነፃ አስቀምጠውታል። አውርጄ ጫንኩት፤ ምስጠራውን ለካርዱ አስረከብኩና ሰርቨሩን አስነሳሁ። ሐምዲ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫነች፤ ወንበሯን ሳትስብ ምስሉ ሄደ። እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች በሆዴ መረቅኋቸው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዶክተሩ ዓይኑን እያሻሸ ሲመለስ መልሱ ቀድሞት ደርሷል፤ ሳንባው ንጹሕ ነው፣ የሚያስላቸው የበርበሬ ብናኝ ነው። ኤዶ ዘህራ እልል አሉ፤ ፊልሙን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ቀፊራ ወረድኩ። ያ በስንት መከራ ተመስጥሮ የተላከ ሳንባ ከበርበሬው ጆንያ በላይ፣ ፀሐይ እንዲያበራው ሆኖ ተሰቅሏል። ገበያተኛው ከቦ ያያል፤ ኤዶ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ይመዝናሉ።

«ኤዶ፣ ምስጢር ነው ብለሽን አልነበር?»

«ንጹሕ መሆኑን ሳላውቅ ነዋ። ና፣ ቀረብ ብለህ እየው።»

ቀረብ ብዬ አየሁት። እውነትም የሚያምር ሳንባ ነው።