የጭልሞዋ አራስ

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ይቅርታ አድርጉልኝ። ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቼ ሳልጨርስ ስድስተኛ ክፍል አለቀ።

ሰው መቼም መታየት ይወዳል። እኔ ግን ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት ስለማፍር፣ አስተማሪያችን ፊቱ ተቀምጬ ቀሪ ይለኝ ነበር። አክስቴም ለበዓል መጥታ ልጆቹን ስትስም እኔን ትዘላለች። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይፈጠራል?

ይህን እያሰብኩ ሳለ በከተማችን በጊንጪ ወጣት ለውትድርና ይታፈስ ጀመር። ወንድሜ ገመቹ ሊደበቅ ጭልሞ ጫካ ገባ። ታላቃችን ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም፤ እናቴ ሁለተኛ ልቅሶ የምትችልበት ጉልበት አልነበራትም። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ ጭኮ ሠራችና ማን ያድርሰው ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቤተሰቤ በሙሉ አንድ ላይ ያየኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ስለማልታይ።

ወደ ጫካው በሚወስደው መንገድ ኬላ ላይ ወጣቱ ጠባቂ ለማን እንደምወስድ ሲጠይቀኝ የጭኮውን አገልግል አቅፌ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽማግሌው ጠባቂ ኦቦ ቶላ በኦሮምኛ ጀምረው መለሱልኝ።

"ዲሲ፣ ተዋት። የኦቦ ደበላ ልጅ ናት፣ እሷ ምን ታውቃለች? ጭኮ ለአራስ እንጂ ለማን ይሄዳል?"

በእኛ ዘንድ ለአራስ የሚሄድ ምግብ መንገድ ላይ አይከፈትም፤ ዓይን ያርፍበታል ይባላል። አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያ ጢማም ወንድሜ ቤታችን ውስጥ ስሙ "አራሷ" ሆነ። እናቴ ስመለስ፣ አራሷ በላች ወይ ትለኛለች። ክረምቱን ሙሉ ተመላለስኩ። ክረምት ሙሉ የምትታረስ ሴት የት አለች? ግን ማንም አልጠየቀኝም። ተራ ሰው መሆን ለካ አስማት ነው ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ዛሬ አፈሳው ቀርቶ ገመቹ ቤቱ ገብቷል። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ፣ ይቺ ልጄ እንደ ጥላ ናት፣ ጠባቂ እንኳ አያያትም ትላለች። 

ለማንም ያልነገርኩት ግን አለ። አንድ ቀን ጭቃው አንሸራቶኝ ኬላው ፊት ወደቅሁ። አገልግሉ ተከፈተና ከጭኮው ሥር የገመቹ ሱሪና ትልቁ ሸራ ጫማው ወጣ። ኦቦ ቶላ ብቻቸውን ነበሩ። ጫማውን አንሥተው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፣ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ጭቃውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ መልሰው ከተቱት፣ ክዳኑንም አጥብቀው አሰሩልኝ።

"ቶሎ አድርሺላት" አሉኝ፣ "አራሷን ብርድ እንዳይመታት።"