ቀላሉ ሰርቨርና የአያ ታረቀኝ ጥርጣሬ

ሰው ለመንገድ ሲነሳ ምን እንደሚነካው አላውቅም። ከእንጅባራ ዳንግላ ምን አላት? ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ነው። እኔ ግን ለአንድ ቀን ሰርግ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ ትርፍ ጫማ ሸክፌ፣ የሚኒባሱ ሾፌር «እትዬ፣ ቤት እየለቀቁ ነው?» ብሎኛል። ይሄን እንዳለ ጻፊው ሰላም፤ አትሳቂ።

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተርም እንደኔው ነበር። እዚህ እንጅባራ የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ያዥ ነኝ፤ የድንች ዘር ወረፋ እኔ ጋ ነው። ሲስተሙ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። አብርቼው ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ገና እያሰበ ነው። ከአዲስ ቅዳም ድረስ የመጣ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ አለቃችን ቆረጡ፤ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ምዝገባው ወደ ዳንግላ ይዛወራል። ገበሬው ዝናብ ሊገባ ሲል ያን ሁሉ መንገድ? እኔስ በየቀኑ?

ይቺ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ሰላም ኮምፒውተር ነው የተማረችው። ለመንኳት። ከፍታ አየችና፣ «አክስቴ፣ ፕሮግራሙ ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ ነው፣ ምንም አልሆነ። የከበደው እሱን የሚያስነሳው ሰርቨር ነው። ለትልልቅ ድርጅት የሚሆን መቶ ዓይነት ነገር ተሸክሞ ይነሳል፤ እናንተ የምትጠቀሙት ሦስቱን ነው» አለችኝ።

«እንደኔ ጓዝ በይኛ።»

«እኔ አልወጣኝም፤ እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ቀለል ያለ ሰርቨር ላይ አዛወረችው። የመጀመሪያ ቀን ጭራሽ እምቢ አለ፤ ልቤ ዳንግላ ደርሶ ተመለሰ። ለካ ፕሮግራሙ ከመዝገቡ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ከድሮው ሰርቨር ነበር የሚዋሰው። የጎደለውን ብቻ ለይታ ሸከፈችለት። ሦስት ነገር። ብርድ ልብስ የለ፣ ጃንጥላ የለ።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ሳላወርድ ሲስተሙ ተነሳ። እፎይ፤ ወረፋው እዚሁ ቀረልን። ፊት የቆሙት አያ ታረቀኝ ናቸው፣ የአዲስ ቅዳም ሽማግሌ። ስማቸውን ስጽፍ የዘር ተራቸው ወዲያው ወጣ።

«አሥራ ሁለተኛ ነዎት፣ ሐሙስ ይምጡ» አልኳቸው።

አልተንቀሳቀሱም። «እንዲህ ቶሎ?»

«አዎ አያ።»

«ሲስተሙ ስሜን በደንብ አልፈለገውም። እንደገና በደንብ ይፈልግ።»

ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ልክ ናቸው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ይፈረድባቸዋል? ስንት ዘመን በማስጠበቅ ያስለመድናቸው እኛው ነን።

ስማቸውን ደግሜ ጻፍኩ፤ ወጣ። ወዲያው ግን አልነገርኳቸውም። መነጽሬን ጠረግሁ፣ ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ። «አሥራ ሁለተኛ፣ ሐሙስ።»

«አሁን ሆነ» አሉ፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ሰላም ሰርቨሩን አቀለለችው። መነጽር መጥረጉ ግን እስካሁን እኔው ላይ ነው።