የሁለት ሰው መድኃኒት በአንድ ፌስታል

የእኛ ሰው መድኃኒት ለመግዛት ራሱ መሄድ ብዙም አይወድም። መሃል ከተማ የሚሄድ ጎረቤት ካገኘ ማዘዣውን ያስይዘዋል። "እግረ መንገድሽን" ይባላል። በዚህ በእግረ መንገድ ስንት ነገር እንደሚጓዝ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሠርግ ጥሪ፣ የተጠገነ ጫማ፣ የአማት ወቀሳ፣ የደም ግፊት ክኒን። ወቀሳው የማይገባው ሰው ዘንድ ቢደርስ፣ ግፋ ቢል ኩርፊያ ነው። ክኒን ግን ማኩረፍ አያውቅም፤ ይጥላል።

የእኛ የምሥራቅ ሰፈር መልእክተኛ ወይዘሮ ማርታ ናት። ባጃጅ ልትሳፈር ስትወጣ ያያት ሁሉ ማዘዣ ይዞ ይከተላታል። አንድ ቀን የሁለት ሰው ማዘዣ ያዘች፤ ደም ግፊት ያለባቸውን የእማማ ወርቅነሽንና የስኳር ሕመምተኛውን የአቶ ላሊሞን። ገዝታ ለየቤታቸው አደረሰች። በማግስቱ እማማ ወርቅነሽ ክኒናቸውን ውጠው፣ ለጾም ጸሎት ባዶ ሆዳቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደተቀመጡ፣ ላብ በላብ ሆነው ተዝለፈለፉ። የዋጡት የአቶ ላሊሞን የስኳር ክኒን መሆኑ የታወቀው ሐኪም ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። አቶ ላሊሞም የቀድሞው ክኒን ስላላለቀላቸው አዲሱን ገና አልነኩትም ነበር።

ሰፈሩ ለመፍረድ ጊዜ አላጠፋም። "ወሬ ስትሰልቅ ቀያይራው ነው!" ተባለ። ማዘዣ የሚያስይዛት ቀርቶ ሰላም የሚላት ጠፋ። የእማማ ልጅ ማቲዎስ ደግሞ ማርታንም መድኃኒት ቤቱንም እከሳለሁ ብሎ ተነሣ።

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችኝ። መድኃኒቱን የሸጠችው ፋርማሲስት ትዕግስት የክሱን ወሬ ሰምታ መጣች። ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳትደላደል ጀመረች።

"እትዬ ማርታ አልቀየሩም። ሁለቱን በአንድ ፌስታል የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ስም አልጻፍኩበትም። 'የትኛው የማን ነው?' ብለው ጠይቀውኛል። ስልክ እያወራሁ በጣቴ አሳየኋቸው። ገልብጬ ነው ያሳየኋቸው።"

"ይህን ሌላ ያየ ሰው ነበር?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አንቺም አላየሽም።"

እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። እንደ ሕግ ምክር እንከን የለውም፤ ማስረዳት የከሳሽ ፈንታ ነው። እንከኑ ማርታ ናት። በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አገኘኋትና፣ "ምናልባት እውነትም ቀይሬው ይሆናል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔን! ሰው ደጋግሞ ሲነግራችሁ የገዛ እጃችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ። "እንጃ" አልኳት።

ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ ይቅደም ተባለና እማማ ወርቅነሽ ግቢ ተሰበሰብን። ማርታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ትዕግስት ልትነሣ ስትል እግሯን ረገጥኳት። ተነሣች። ለእኔ የነገረችኝን አንድ ቃል ሳታስቀር ተናገረች። ጠበቃ ደንበኛዋ እውነት ስትናገር ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ትምህርት ቤት አላስተማሩንም፤ እኔ የግቢውን አቮካዶ ዛፍ ሳይ ቆየሁ።

"ጠይቄሽ ነበር አይደል?" አለች ማርታ፣ ነጠላዋን ገልጣ። "ጠይቄሽ ነበር!"

"ጠይቀውኛል እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

ማርታ አለቀሰች። ማቲዎስ ግን ገና ነደደ። "እንግዲያው ፈቃድሽን አስነጥቃለሁ!"

"ተው አንተ ልጅ" አሉ እማማ ወርቅነሽ። "እሷን አስዘግተህ ማን ደጅ ልትሰደኝ ነው? ሌላዋም ስልክ ላይ ናት። ይቺ ቢያንስ ደንግጣለች።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ማቲዎስ ክሱን የተወው በሁለት ነገር ነው፦ ትዕግስት ለጤና ቢሮ ራሷ ሄዳ እንድታሳውቅ፣ ደግሞም ለሌላ ሰው የሚገዛ ሁሉ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ጮክ ብሎ ሳይናገር መድኃኒት እንዳትሰጥ። ሄደች፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ መድኃኒት ቤቷ ግን አልተዘጋም። ዛሬ ስልኳ የት እንዳለ እንጃ፣ ባንኮኒው ላይ አይታይም። ካርቶኑ ሁሉ ላይ ስም አለ።

ማርታን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማዘዣዬን አጣጥፌ ባጃጅ ተራው ድረስ ሄድኩና አስያዝኳት። እጇ ላይ ሌሎች ሦስት ማዘዣዎች ነበሩ፤ ደስ አለኝ።

"ለምንድን ነው?" አለችኝ።

ጆሮዋ ሥር ሹክ አልኳት።

"የኪንታሮት!" ብላ ደገመችው፣ ባጃጅ ተራው በሙሉ እስኪዞር።

"ማርታ፣ በፈጠረሽ!"

"ጮክ ብለሽ ነው የተባልኩት፣ እህቴ። እዚያ ስደርስ እንዳልሳሳት ልልመደው።"

ከሰዓት በኋላ ቅባቱ ስሜ ተጽፎበት እስከ በሬ መጣልኝ። በማግስቱ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር "እግዜር ይማርሽ" ብሎ የራሱን ትራስ አነጠፈልኝ።