አራተኛ መድፍ፣ ቁጠር!

በየሰፈሩ አንድ ጡረታ የወጣ መድፈኛ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ነዋሪዎቹ ጆሯቸው ደህና ነው ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አላቸው! የእኛው ክቡርነታቸው ጋሼ አራተኛ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ወሬያቸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የመድፈኛ ሻለቃቸው አራተኛ መድፍ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለ ውሃ መቆራረጥ ጀምሩላቸው፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ መድፉ ሥር ናችሁ።

ሻለቃው መቼ እንደተመሠረተ፣ መድፎቹን መጀመሪያ በቅሎ እንደጎተታቸው፣ የትኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ እንደቀረ፣ ሁሉንም ከልጆቼ የልደት ቀን በተሻለ አውቀዋለሁ።

"መድፍ ሲተኮስ አፉን ያልከፈተ ጆሮው አለቀለት!" ይላሉ። ስለዚህ የጎረቤት የብረት በር ጓ ባለ ቁጥር አፋቸውን ይከፍታሉ። በእህቴ ሰርግ ላይ ፊኛ ፈነዳና "አፍ ክፈት!" ብለው ሲያዙ፣ ደንጋጣው ሙሽራ ታዘዘ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል።

"ከእኔ ጋር አርባ ዓመት ኖረዋል፣ ከመድፉ ጋር ሰባት" ይላሉ ባለቤታቸው። "የሚያወሩት ግን ሰባቱን ነው።"

ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኩ። ሁልጊዜ የሚደበድቡት ሰውዬ ቀስ ብለው ሲያንኳኩ ደነገጥኩ።

"አንተ ልጅ፣ አምስተኛው ሞተ።"

አምስተኛው ለመድፉ ጥይት ተሸክሞ የሚያጎርሰው አጉራሽ ነበር፤ ከእሳቸው ሌላ የቀረው አንድ ሰው። በየዓመቱ በሻለቃው ምሥረታ ቀን የየመድፉ ሰዎች ተሰልፈው ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥራሉ። የሞተን ሰው ቦታ ዘመድም ጎረቤትም መያዝ ይችላል። ቁጥር ከጎደለ ግን የዚያ መድፍ ስም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ሁለተኛው ልብስ ሰፊያችን፣ ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩ፣ አራተኛዋ ባለቤታቸው ሆነዋል።

"እኔ እኮ መድፍ በዓይኔ አይቼ አላውቅም!"

"አጉራሽ ማየት ምን ያደርግለታል? ይሸከማል እንጂ!"

ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎናቸው ውስጥ ሃያ ሊትር ጀሪካን አሸክመው "አምስት!" አስባሉኝ። እኔም በሆዴ እየሳቅሁ፣ ለጋዜጣ ዓምዴ የሚሆን ቀልድ እያጠራቀምሁ አልኩላቸው።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ልጆቻቸው፣ አማቾቻቸው በመስመር በመስመር ቆመዋል። የቀድሞው አዛዥ በቀጭን ድምፅ ጮኹ፤ "አራተኛ መድፍ፣ ቁጠር!"

"አንድ!" አሉ ጋሼ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

"ሁለት!" ልብስ ሰፊው። "ሦስት!" ፀጉር አስተካካዩ። "አራት!" እትዬ፣ ከሁሉም በላይ ጮኸው።

ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ጠፋ! በደንባቸው ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነውና ጋሼ አልዞሩም። ጣታቸው ግን ሱሪያቸው ላይ አምስት ጊዜ ሲመታ አየሁት። ልቤ ተነካ።

"አምስት!!!"

እንዲህ ጮኼ አላውቅም። አዛዡ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና የመድፉን ባዶ ቀለህ በመዶሻ መቱት። አዳራሹ ሁሉ አፉን ከፈተ። እኔም ሳላስበው ከፈትሁ፤ እንባዬም መጣ።

ስንመለስ ጋሼ እንደ ሕፃን እየፈነደቁ ነበር። ደጃፌ ላይ ሲደርሱ ኮስተር አሉ።

"ዘግይተሃል። ግን ጥሩ ጉሮሮ አለህ። እኔ ስሞት አንድ አንተ ነህ።"

"የትም አይሄዱም ጋሼ!" አልኳቸው። "እኔ አምስትነቴን ወድጄዋለሁ።"