ከግድግዳው ሥር የበዙት በሽተኞች

መድኃኒት ሲመጣ በሽታ በዛ ብሎ የሚያማርር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም ጎረቤቴ፣ ጋሽ ሙሄ።

ጣሊያን ገብቶ ኮምቦልቻ ላይ የወባ ኪኒን መታደል ከጀመረ ወዲህ ጋሽ ሙሄ አርፈው ተቀምጠው አያውቁም። በማለዳ ወደ ገበያው ግድግዳ ይሮጣሉ። ወባ የያዘው ሁሉ እዚያ ተኮልኩሎ ፀሐይ ይሞቃላ! ቆጥረው ሲያበቁ እኔ ላይ ይመጣሉ።

«ወላሂ፣ ዛሬም ዘጠኝ ናቸው! ኪኒን ሳይመጣ እዚህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር? ያራባው ይኸ መራራ ነገር ነው። ነገ ደሴ ወጥቼ አቤት እላለሁ!»

እኔም አብሬያቸው መቁነጥነጥ ጀመርኩ። እውነት ነዋ፣ ድሮ ግድግዳው ባዶ ነበር። የሚሞላው መቃብሩ ነበር! አዲስ የሚታመመውማ ያው የድሮውን ያህል ነው፤ ትንኟ መች ሥራ ፈታች? ልዩነቱ፣ የታመመው መሞቱን ትቶ እያገረሸበት መኖሩ ነው። ይኸን ለጋሽ ሙሄ ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነገሯቸው። አንድ ቀን ቆጠራው መሃል ከች አሉ።

«ዘጠኝ አይደሉም፤ አሥር ናቸው።»

«አሥረኛው የታል?»

«እርስዎ ነዎታ! አምና ተስፋ ቆርጠን ለቀብርዎ የገዛነው ከፈን አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ያን መራራ ነገር በግድ ባላጎርስዎ ኖሮ ዛሬ ማን ሊቆጥር ነበር?»

ጋሽ ሙሄ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥርሳቸው መንገጫገጭ ጀመረ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳው ሥር ዘፍ አሉና አጠገባቸው ያለውን በክርናቸው ገፉት።

«ጠጋ በሉ እንጂ! በዝተናል እኮ!»